የጭላዳን ሆርሞን ሳይነኩ መለካት

ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚግጥ ጭላዳ ምን ያህል ተጨንቋል? ይህን ለማወቅ ደም ልቅዳ ብትሉ መጀመሪያ እሱን መያዝ አለባችሁ፤ መያዙ ደግሞ ራሱ ያስጨንቀዋል። ኮርቲሶሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያሻቅብና የምትለኩት እናንተው ያመጣችሁትን ጭንቀት ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንስሳው እስኪጸዳዳ ጠብቀው ዓይነ ምድሩን ይለቅማሉ። (ሳይንስ ሁልጊዜ ነጭ ጋውን አይደለም።)

ከናሙናው ሆርሞኑ በአልኮል ተለይቶ ከወጣ በኋላ ሥራውን የሚረከበው አንቲቦዲ ነው፤ አንድን ሞለኪውል ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን። እስቲ ታክሲ አስቡ። ውስኖቹ ወንበሮች አንቲቦዲዎች፣ ተሳፋሪዎቹ ሆርሞኖች ናቸው። ባለሙያው ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም የተለጠፈበት ሆርሞን መጥኖ ይጨምራል፤ ከዚያ ሁለቱም ለወንበር ይጋፋሉ። ከእንስሳው የመጣው ከበዛ፣ ኢንዛይም የተለጠፈበት ቦታ አጥቶ ታጥቦ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ሆርሞኑ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ሐሳቡ የሮዛሊን ያሎውና የሰሎሞን በርሰን ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ኢንሱሊን ሲለኩ በቀለም ፋንታ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይጠቀሙ ነበር። ያሎው በ1977 ኖቤል ስትሸለም በርሰን በሕይወት አልነበረም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ኮርቲሶልን ጉበት ይሰባብረዋል፣ የአንጀት ባክቴሪያም ይቀይረዋል። ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ርዝራዡ ነው፤ ርዝራዡም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ለሰው ደም የተሠራ ኪት ገዝታችሁ ብትጠቀሙ ማሽኑ ቁጥር አይነፍጋችሁም፤ ቁጥሩ ግን ምንም ላይናገር ይችላል። ይባስ ብሎ አንዳንድ የቴስቶስትሮን ርዝራዥ የኮርቲሶልን ይመስላል፤ አንቲቦዲው ከተምታታበት ወንዶቹ ሁሉ የተጨነቁ መስለው ይታያሉ። ለዚህ ነው ልኬቱ ራሱ አስቀድሞ የሚፈተነው፦ በእንስሳት ማቆያ ላለ እንስሳ አድሬናል ዕጢን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ይወጋና፣ ከሰዓታት ወይም ከቀን በኋላ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ጭማሪው ይታይ እንደሆነ ይጠበቃል። ካልታየ አንቲቦዲው ይቀየራል።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ መጽሔት የወጣው የሰሜን ተራሮች ጥናት ያረፈው በዚህ ዓይነት ልኬት ላይ ነው። አዲስ ወንድ ነባሩን አባርሮ ቤተሰቡን ሲይዝ፣ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ገደማ ጽንሳቸው ይጨነግፋል። ሆዳቸው ገና ሳይገፋ የሆነውን በዓይን ማየት አይቻልም፤ የተደረሰበት ከተለቀመው ዓይነ ምድር ውስጥ በተለካ ኤስትሮጅን ነው።