የ14 ሺህ ብር ዳኛ፦ ቁራጭ ወረቀት
የእቁብ ዕጣ በምን ዓይነት ወረቀት ቢጻፍ ይታመናል?

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ፣ ከእርሷ በፊት በምትገኘው ዳባት፣ እንዲሁም በጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ነጋዴው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሚያገኝባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ አራጣ ያቃጥላል። ስለዚህ እህል ሰብሳቢው፣ በግ ነጋዴውና ባለሱቁ እንደ ሌላው የአገሪቱ ነጋዴ ሁሉ ፊቱን ወደ እቁብ ያዞራል። የእቁቡ ዳኛ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና የየአባሉ ዋስ በጥንቃቄ ይመረጣሉ። ዕጣው የሚጻፍበት ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተገኘው ደብተር ላይ ተቀዶ ይመጣል። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ የገንዘቡን ባለቤት የሚለየው ይኸው ቁራጭ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 50 አባላት ያሉትና ሳምንታዊ መዋጮው 2,000 ብር የሆነ እቁብ ለምሳሌ ይወሰድ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት አባል 2,000 ብር ከፍሎ 100,000 ብር ይቀበላል። ይኸውም 98,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ49 ሳምንታት ይመልሳል ማለት ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ በተቃራኒው ለ49 ሳምንታት ያለ ወለድ አበዳሪ ሆኖ ይቆያል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው ተብሎ ቢሰላ የመጀመሪያው ባለዕጣ 7,000 ብር ያህል ይጠቀማል፤ የመጨረሻው ያንኑ ያህል ይጎዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 14,000 ብር ገደማ ይሆናል። ገንዘብ የቸገረው አባል ቀድሞ የወጣለትን ሰው ዕጣ ጭማሪ ከፍሎ የሚገዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሸቀጥ በሚወደድበት ወቅት ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

የመድረክ ሰዎች ምስጢር

ስለ ቁራጭ ወረቀት አብዝተው የተጨነቁት የእቁብ ዳኞች አይደሉም፤ በመድረክ ላይ “የሰው ሐሳብ እናነባለን” የሚሉ የትርኢት ሰዎች ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ተመልካቹ በወረቀት ላይ ጥያቄ ጽፎ እንዲያጥፈው እየተደረገ፣ ባለትርኢቱ ሳይከፍተው ያነበበ የሚመስልበት ትርኢት ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ታዋቂው የምትሃት ትርኢት አቅራቢ ሃሪ ሁዲኒ በእንዲህ ያለ ዘዴ “ሙታንን እናነጋግራለን” እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን ማጋለጥ ሥራዬ ብሎ ይዞት ነበር።

የዘዴው ግማሽ የእጅ ፍጥነት ሲሆን ግማሹ የወረቀት ምርጫ ነው። ባለትርኢቱ የሚመርጠው ወረቀት ሲታጠፍ እጥፋቱን የሚይዝ፣ በአንድ እጅ ሲከፈት ድምፅ የማያሰማ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በአልኮል የራሰ ስፖንጅ ፖስታ ላይ ሲያርፍ ወረቀቱ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ አልኮሉ ሲተን ምልክት አይተውም። በጥፍር ጠርዙን መንካት ወይም አንዷን ማዕዘን ማጠፍም የታወቀ ዘዴ ነው። እንግዲህ የእቁብ ዳኛ ባለትርኢቱ የሚወደውን ወረቀት ሊሸሽ ይገባዋል።

የትኛው ወረቀት ይመረጥ?

በገበያ ላይ ከሚገኙት ወረቀቶች ለዕጣ የሚስማማው ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ዓይነት ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ጽሑፉ ከፊትም ከኋላም በተደራረበ ወረቀት ይሸፈናል። ከመገዛቱ በፊት አንድ ቅጠል ላይ ስም ጽፎ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ በስልክ መብራት ላይ መያዝ በቂ ፈተና ነው። ፊደሉ ከተለየ ወረቀቱ ለዕጣ አይሆንም።

የደብተር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይሳሳል። በተጨማሪም መስመርና ኅዳግ ስላለው፣ አንዳንዱ ቁራጭም የስፌት ሽቦ ቀዳዳ ስለሚይዝ አንዱ ከሌላው በቀላሉ ይለያል። ለደረሰኝ የሚያገለግለው በሙቀት የሚጽፍ ጥቅል ወረቀት ደግሞ በጥፍር ሲፋቅ ይጠቁራል፤ ምልክት ለማድረግ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። የቀን መቁጠሪያ አንጸባራቂ ወረቀትና የሲጋራ ብርማ ወረቀት ይንሸራተታሉ፣ ይንኮሻኮሻሉ፣ እጥፋታቸውም እኩል አይሆንም።

አቆራረጡም እንደ ምርጫው ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእጅ የተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ይመሰክራል። የኤ ፎር ቅጠል ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱ በአራት፣ ቁመቱ በስምንት ቢከፈል 32 እኩል ቁራጮች ይወጡታል። ሁሉም በምላጭና በማስመሪያ፣ በአንድ አቅጣጫ ሊቆረጡ ይገባል። ወረቀት እንደ እንጨት ሥር አለው፤ በሥሩ አቅጣጫ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ በተቃራኒው ሲታጠፍ ደግሞ ይነሳል። አንዱ በቁመት ሌላው በወርድ ከተቆረጠ እጥፋታቸው በጣት ይለያል።

ስክሪፕቶ ሲጫኑት በጀርባው ሸካራ መስመር ይተዋል፤ ይህም በጣት ይዳሰሳል። በመሆኑም በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሰው በአንድ ብዕር፣ ሳይጫን ሁሉንም ስሞች ቢጽፍ ይመረጣል። ማርከር ወደ ኋላ ስለሚያሳልፍ አይመከርም።

የሰሜን ተራሮች የአየር ጠባይም ከሒሳብ ሊወጣ አይገባም። ወረቀት እርጥበት ይስባል። በክረምት ጉም ደባርቅን በሚሸፍንበት ሰሞን በኪስ የቆየ ቁራጭና ከእሽግ አሁን የወጣ ቁራጭ ለእጅ አንድ አይሆኑም። ከዚህ የሚብሰው ግን ያለፈውን ሳምንት ዕጣ መልሶ መጠቀም ነው። ለወራት ሲታሽ የከረመ ዕጣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ቡና ይነካዋል፣ በመጨረሻም ባለቤቱን የማያውቅ አይኖርም።

በየሳምንቱ አዲስ ዕጣ መጻፍ ብዙ ወጪ አያስከትልም። ለ50 ሰው እቁብ ስሞቹ በየሳምንቱ በአንድ እየቀነሱ ስለሚሄዱ ለመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት ሁለት ሁለት፣ ለቀሪዎቹ 32 ሳምንታት አንድ አንድ ቅጠል ይበቃል። ድምሩ 68 ቅጠል ነው። 500 ቅጠል ካለው አንድ እሽግ ሰባተኛውን እንኳ አይሞላም።

ወረቀት የማይፈታው ችግር

ጥሩ ወረቀት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ከጥንታዊዎቹ የመድረክ ዘዴዎች አንዱ በሁሉም ቁራጮች ላይ አንድ ዓይነት ስም መጻፍ ነው። ተመልካቹ የፈለገውን ቢያነሳ የሚወጣው ያው ስም ነው። ይህንን የትኛውም ወፍራም ወረቀት አይከላከለውም። መከላከያው ዕጣዎቹን ከመታጠፋቸው በፊት በአባላት ፊት መቁጠርና ማንበብ፣ ዕጣው ከወጣ በኋላም የቀሩትን አንድ በአንድ ከፍቶ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ችግር አለመደባለቅ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 በአሜሪካ ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን ለመመልመል የተወለዱበት ቀን በዕጣ ወጥቶ ነበር። 366ቱ ቀናት በትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ውስጥ ተደርገው በየወሩ ቅደም ተከተል ወደ ሣጥን ገቡ፤ በሚገባ ግን አልተደባለቁም። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ቀድመው የመጠራት ዕድላቸው ከፍ ብሎ መገኘቱ በኋላ በስታቲስቲክስ ተረጋገጠ። አታላይ ሳይኖር ዕጣው አዳላ። ስም በመዝገብ ተራ ጽፎ፣ በዚያው ተራ ባርኔጣ ውስጥ ጨምሮ አንዴ ብቻ ነቅነቅ የሚያደርግ የእቁብ ጸሐፊም ሳያውቅ ይህንኑ ይደግማል።

“ወረቀቱ ቀርቶ በኮምፒውተር ይውጣ” የሚሉ አሉ። ነገር ግን በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በውሂቡ ላይ ችግር ተገኝቶበት መሰረዙ አይዘነጋም። የኮምፒውተሩን ውስጥ ለማየት ባለሙያ ያስፈልጋል። የታጠፈ ወረቀትን ግን ማንበብ የሚችል አባል ሁሉ ሊመረምረው ይችላል።

እቁብ የሚቆመው ዕጣ የወጣለት ሰው ነገም መዋጮውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ዕጣው የተበላሸ የመሰለው አባል ግን መጀመሪያ ይዘገያል፣ ቀጥሎ ይቀራል፤ ከዚያ ዳኛው ዋስ ፍለጋ ይሯሯጣል። በሳምንት የአንድና የሁለት ቅጠል ወረቀት ወጪና የአሥር ደቂቃ ቆጠራ ከዚህ ሁሉ የሚያድን ከሆነ፣ ነጋዴ የሚያውቀው ርካሹ ኢንሹራንስ ይኸው ነው።