በድርሻ በተገዛ ቤት ላይ ኪራይ ሲወዘፍ

በእንግሊዝ አገር የቤት ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ እጅግ ርቆ በመሄዱ፣ ሙሉ ቤት ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ከቤቱ አንዱን ድርሻ ገዝቶ፣ ያልገዛውን ድርሻ ደግሞ ከቤቶች ማኅበር ተከራይቶ እንዲኖርበት የሚፈቅድ ሥርዓት አለ። 300,000 ፓውንድ ከሚያወጣ ቤት 40 በመቶውን በ120,000 ፓውንድ የገዛ ሰው፣ በቀረው በ180,000 ፓውንድ ላይ የመነሻ ኪራዩ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው በዓመት 2.75 በመቶ ቢወሰን፣ በዓመት 4,950፣ በወርም ከ412 ፓውንድ ጥቂት ከፍ የሚል ገንዘብ ይከፍላል ማለት ነው። በዚህ ላይ ድርሻውን የገዛበት የባንክ ብድር አለ፤ የሕንፃው የአገልግሎት ክፍያም አለ፤ ይህም ክፍያ በድርሻው ልክ የሚቀነስ ሳይሆን፣ ሩቡን ብቻ የገዛው ሰው እንኳ ለዚያ ቤት የተመደበውን በሙሉ የሚሸከመው ነው። ኪራዩም ቢሆን በውሉ በተጻፈው ስሌት ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ይጨምራል።

እንግዲህ ሥራው የተቋረጠበት ወይም ደዌ የጸናበት ሰው፣ ያለችው ገንዘብ ለሁሉ አልዳረስ ስትለው፣ አስቀድሞ ለባንኩ ይከፍላል፤ የባንኩ ዕዳ ዐቢይ፣ የኪራዩ ዕዳ ንኡስ ሆኖ ይታየዋልና። ይህን ማሰቡ አያስነቅፈውም፤ ነገር ግን በዚህ ሥርዓት የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ቤቱን የሚያሳጣው ያው ትንሽ የመሰለው ዕዳ ሊሆን መቻሉን ነው።

ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2007 በበርሚንግሃም የተፈረደው ፍርድ ምስክር ነው። አንዲት ሴት በ1995 የአንድ ቤት እኩሌታ ድርሻ በ29,500 ፓውንድ ከገዛች በኋላ፣ ከጊዜ ብዛት መከራ ደርሶባት ኪራዩ ተወዘፈባት፤ ማኅበሩም ከሰሳት። በሕጉ ዓይን እርሷ ተከራይ ስለ ነበረች፣ የሁለት ወር ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ዳኛው ሊምረው ሥልጣን ሳይኖረው ከቤቱ የሚወጣበት አንቀጽ ተጠቀሰባት፤ ቤቱንም፣ የገዛችውንም ድርሻ አጣች። ማኅበሩ የከፈለችውን ገንዘብ ዕዳዋን ቀንሶ ልመልስ ቢልም፣ ይህ ከበጎ ፈቃዱ የመጣ እንጂ ሕግ ያስገደደው አልነበረም፤ በ12 ዓመት ውስጥ የቤቱ ዋጋ ያፈራው ትርፍ ግን ቀረባት። ገንዘቡን አውጥቶ የገዛን ሰው ምንም ካልገዛ ተከራይ ጋር አንድ አድርጎ መፍረድ ከርትዕ የራቀ መሆኑን ብዙ የሕግ ሊቃውንት ሲናገሩ ኖረዋል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ከ21 ዓመት የሚበልጡትን ረዣዥም የኪራይ ውሎች ከዚያ ጨካኝ አንቀጽ ሥር አውጥቶአቸዋል። ሆኖም ማንም ሰው በዚህ ተጽናንቶ እንዳይዘናጋ፤ ማኅበሩ ውሉ ፈርሶ ቤቱ ይመለስልኝ ብሎ የሚከስበት ሌላ መንገድ አለና። ልዩነቱ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ፍርድ ቤቱ ለባለ ዕዳው ቢያንስ የአራት ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ፣ ውዝፉንና የክሱን ወጪ ከከፈለ ውሉ እንዲጸናለት ማድረጉ ነው። ባንኩም መያዣው እንዳይጠፋበት ሲል ብዙ ጊዜ ውዝፉን ለማኅበሩ ከፍሎ በብድሩ ላይ ይደምረዋል፤ ይህ ግን ዕዳውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው እንጂ ስርየት አይደለም፤ ወለዱ ለዓመታት ይቆጠራል።

ስለዚህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ፣ እንዲያውም ሳይደርስ፣ ደውሎ ችግርን መናገር ይገባል። በተለይ እኛ ስደተኞች፣ ይሉኝታ ከብዶን፣ ገመናችንን ለባዕድ ማሳየት አሳፍሮን፣ ፖስታውን ሳንከፍት መሳቢያ ውስጥ የምናኖር ሰዎች ይህን ልብ እንበል፤ ከዕዳው ይልቅ ዝምታው ስንቱን ቤት አልባ አድርጎታል። በየወሩ ከመደበኛው ኪራይ በላይ የሚቻለውን ጥቂት ገንዘብ ለውዝፉ ለመክፈል በጽሑፍ መስማማት፣ ሊፈጽሙት የማይችሉትን ብዙ ገንዘብ ቃል ከመግባት ይሻላል። ገቢው ያነሰ ሰው ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው የመንግሥት ድጎማ ለኪራዩ ክፍል ርዳታ ሊያገኝ ይችላል፤ ለባንኩ ብድር ወለድ ግን መንግሥት የሚሰጠው በብድር መልክ ብቻ ነው። በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ከመንግሥት ድጎማ እንዳይቀበል የተጻፈበት ስደተኛ ግን የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ እንዳያመለክት፤ ፈቃዱን ሊያበላሽበት ይችላል። ዕዳው ከአንድ በላይ ለሆነበት፣ በዕዳ አማካሪ በኩል ባለገንዘቦች ለ60 ቀን እጃቸውን እንዲሰበስቡ የሚያደርግ የፋታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተፈቅዶአል፤ በእነዚያም ቀናት የወሩን ኪራይ መክፈል አይቀርም።

ክስ ከመጣ ደግሞ በቀጠሮው ቀን መገኘት ግድ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሁሉ ገቢው ሳይመረመር ነፃ የሕግ ምክር ያገኛል፤ በፍርድ ቤቱም ዕለቱን የሚቆምለት ጠበቃ አለ። ምንም መላ ከጠፋ ግን፣ ፍርድ ሳይቀድም ድርሻውን ራሱ መሸጥ ይሻለዋል። ማኅበሩ እንደ ውሉ ዓይነት አራት ወይም ስምንት ሳምንት ገዢ ለመፈለግ ቀዳሚ መብት አለው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ለወደደው በገበያ ይሸጣል፤ ከሽያጩም ባንኩና ማኅበሩ የሚገባቸውን ከወሰዱ በኋላ የተረፈው የእርሱ ነው።