ፓስካል በሐኪም ቤት፦ ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚተከለው መሣሪያ

የፕሮስቴት ዕጢ ትንሽ ሎሚ የምታህል የወንድ አካል ናት። ከፊኛ ሥር ተቀምጣ የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት ትከባለች፤ ሥራዋም የዘር ፈሳሽን በከፊል ማመንጨት ነው። በጤና ዘመኗ የሚያስታውሳት የለም። ካንሰር ሲያገኛትና በቀዶ ሕክምና ስትወጣ ግን አብሯት ሊሄድ የሚችል ሌላ ነገር እንዳለ ብዙው ወንድ የሚረዳው ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ነው። በዕጢዋ ግራና ቀኝ ተጣብቀው የሚያልፉት ቀጫጭን ነርቮች የወንድ ብልት እንዲቆም ትእዛዝ የሚያደርሱ ናቸውና። እነዚህ ነርቮች ሲቆረጡ፣ ሲለጠጡ ወይም ሲቃጠሉ ስንፈተ ወሲብ ይከተላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐኪም ሳይሆን የፊዚክስ መምህር ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች የመጨረሻው፣ ማለትም በብልት ውስጥ የሚተከለው መሣሪያ፣ ሙሉ በሙሉ የፈሳሽ ግፊት ጉዳይ በመሆኑ ከፊዚክስ ወገን ሆኖ ቢብራራ አንባቢን ይጠቅማል የሚል እምነት አለው። መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይቶ ያላወቀ ሰው ሊወስንበት አይገባም፤ ውሳኔው ወደ ኋላ የማይመለስ ነውና።

ሁለቱን ቀዶ ሕክምናዎች እንለይ

በአገራችን “ፕሮስቴት ተሠራሁ” የሚሉ አባቶች አብዛኞቹ የተሠሩት ካንሰር ላልሆነ የዕጢ ማበጥ ነው። በዚህ ሕክምና የሚወጣው ሽንት የዘጋው የዕጢዋ የውስጥ ክፍል ብቻ ሲሆን ውጫዊው ቅርፊትና ነርቮቹ በቦታቸው ይቀራሉ። በመሆኑም የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ሊመለስ ቢችልም የብልት መቆም አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ለካንሰር በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ግን ዕጢዋ ከነቅርፊቷ፣ ከዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ጋር ትወጣለች። የነርቮቹ ዕጣ የሚወሰንም በዚህ ጊዜ ነው።

እነዚህ ነርቮች በትክክል የት እንደሚያልፉ ለረጅም ዘመን አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካዊው ሐኪም ፓትሪክ ዋልሽ በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ከጡረተኛው ፕሮፌሰር ፒተር ዶንከር ጋር ሆነው መንገዳቸውን ለዩ። በማግሥቱ ዓመት በ1982 ዋልሽ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነርቮቹን ሆን ብሎ የሚያተርፈውን ቀዶ ሕክምና አካሄዱ። ይሁን እንጂ ካንሰሩ ወደ ነርቮቹ ከተጠጋ ሐኪሙ ሕይወትን ያስቀድማል። ነርቮቹ ቢተርፉም በቀዶ ሕክምናው ስለሚደነግጡ ለማገገም እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድባቸው ይችላል።

አንድ ሌላ ልዩነትም ሊጠቀስ ይገባዋል። በአገራችን ብዙ ታማሚዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ ሕክምናቸው ዕጢዋን ማውጣት ሳይሆን የወንድነትን ሆርሞን በመድኃኒት ወይም ቆለጥን በማውጣት መቀነስ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው የመቆም ኃይል ብቻ አይደለም፤ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። መሣሪያ ደግሞ ፍላጎትን አይተክልም።

የተፈጥሮው ማሽን

የወንድ ብልት አጥንት የለውም፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከግፊት ነው። በውስጡ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ስፖንጅ መሰል ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ነርቮቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ሲለቁ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፤ ደም ወደ ስፖንጁ ይገባል። ስፖንጁ ሲያብጥ ደም መላሽ ሥሮችን በሽፋኑ ላይ አጣብቆ ይዘጋቸዋል። የገባው ደም መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። የብስክሌት ጎማ ሲነፋ የሚጠነክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ላስቲኩ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ግፊቱ ነው።

ናይትሪክ ኦክሳይድ በሰውነት ውስጥ መልእክት አድራሽ መሆኑን ያረጋገጡት ፈርችጎት፣ ኢግናሮ እና ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት “ቪያግራ” በሚል ስም የሚታወቀው ሲልደናፊል በአሜሪካ ለሽያጭ ተፈቀደ። ይህ ክኒን የሚሠራው ነርቮቹ የለቀቁትን ምልክት በማቆየት ነው። ምልክቱን የሚለቅ ነርቭ ከሌለ የሚቆይ ነገር ስለማይኖር፣ ነርቮቻቸው የተቆረጡ ሰዎች ክኒኑን ደጋግመው ቢውጡ ትርፉ አነስተኛ ነው። ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ግፊትን አውርዶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ከመንገድ ዳር ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ከክኒኑ ቀጥሎ ሁለት ደረጃዎች አሉ። አንደኛው የብልትን ዙሪያ አየር መጥጦ ደም እንዲገባ የሚያደርግ ቱቦ ሲሆን፣ ደሙ እንዳይመለስ በሥሩ ቀለበት ይደረጋል። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ሁለተኛው ወደ ስፖንጁ በቀጥታ የሚወጋ መድኃኒት ነው፤ ነርቭን ሳይጠብቅ ጡንቻውን ራሱ ያላላል። በዚህ መድኃኒት የቆመ ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይመለስ ቢቆይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያሻል። እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ካልረዱ ወይም ሰውየው ካልተስማማባቸው በኋላ ነው የተካይ መሣሪያ ነገር የሚነሣው።

የሚተከለው መሣሪያ

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሲሊኮን የተሸፈነ የብረት ዘንግ ያለበት ሲሆን በእጅ ቀና ይደረጋል፣ በእጅ ይታጠፋል። ሁለተኛውና ረቂቁ በፈሳሽ የሚሠራው ነው። ይህን ዓይነቱን ብራንትሊ ስኮትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። መሠረታዊ ንድፉ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በሁለቱ ስፖንጅ ዘንጎች ቦታ ሁለት ባዶ ሲሊንደሮች ይገባሉ፤ በሆድ ግድግዳ ሥር የጨው ውሃ የያዘ ከረጢት ይቀመጣል፤ በቆለጥ ከረጢት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ፓምፕ ይሸሸጋል። ሦስቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ይገናኛሉ። ሰውየው ፓምፑን ደጋግሞ ሲጫን ውሃው ከከረጢቱ ወደ ሲሊንደሮቹ ያልፋል፤ መልቀቂያውን ሲጫን ይመለሳል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም።

ይህ የፓስካል ሕግ ነው፤ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። የተፈጥሮን 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ለማግኘት ሁለት ስኩዌር ሴንቲሜትር በሆነ የጣት ጫፍ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ሩብ ኪሎ ጤፍ ከሚከብደው ብዙም አይበልጥም። መሣሪያው ከዚህ ከፍ ያለ ግፊት ቢፈልግም የሽማግሌ አውራ ጣት አያቅተውም።

በሰንዳፋ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ፣ አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ሄደው የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ በዚሁ ጉዳይ ጠይቀውኝ ነበር። ስማቸው እንዳይነሣ አደራ ብለው ጥያቄያቸው እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል።

“ዶክተር፣ ልጄ ተመልሰው መጥተው ያስተክሉ ይለኛል። ውሃ ያለበት ዕቃ በአውሮፕላን ተጉዞ ወደዚህ ደጋ ሲወጣ አይፈነዳም ወይ?”

“ጋሼ፣ ጥያቄዎ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ መልስ አለው” አልኳቸው።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ በመሆኗ ወደ 560 ዝቅ ይላል። ግማሹ የተጠጣ የፕላስቲክ ውሃ ሰንዳፋ ላይ ጥብቅ አድርገን ዘግተን ወደ ድሬዳዋ ብንወስድ ጠርሙሱ ይጨማደዳል፤ ሙቀቱን ለጊዜው ብንተወው በውስጡ ያለው አየር በአንድ ሰባተኛ ገደማ ይጨመቃልና። እስከ አፉ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ግን እንዳለ ይደርሳል። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ ግን ከሞላ ጎደል አይጨመቅም። ከባሕር ጠረፍ ወደ ሰንዳፋ ሲመጣ 100 ሚሊሊትር ውሃ የሚጨምረው የአንድ ጠብታ አርባኛ እጅ ያህል ነው። ሐኪሙም መሣሪያውን ሲተክል አየሩን ከቱቦዎቹ አስወጥቶ ነው። በተጨማሪም የአየሩ ግፊት በሰውነትም በመሣሪያውም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ለጥንካሬው ዋጋ ያለው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ካቢንም ቢሆን በውስጡ የሚጠበቀው ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ግፊት እምብዛም አያንስም፤ ስለዚህ ሰንዳፋ ራሷ ከካቢኑ “ትበልጣለች”።

“እንግዲያስ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው” አሉ ጋሼ። ትክክል ነበሩ።

መሣሪያው የማይሰጠው

አንደኛ፣ መሣሪያው ሲተከል ሲሊንደሮቹ የስፖንጁን ቦታ ስለሚይዙ ከተፈጥሮ የቀረ የመቆም ኃይል ካለ እርሱም ይጠፋል። መሣሪያው በኋላ ቢወጣ የቀድሞው አይመለስም። ነርቮቹ ገና በማገገም ላይ ሳሉ መቸኮል የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ብልትን አያስረዝምም፤ እንዲያውም ብዙዎች ከካንሰሩ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማጠሩን ያስተውላሉ፣ ይህን መሣሪያው አይመልሰውም። ሦስተኛ፣ ዕጢዋና የዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ስለወጡ ፈሳሽ አይኖርም፤ የቆዳ ስሜትና የእርካታ ስሜት ግን ሊኖሩ ይችላሉ፤ መሣሪያው እነርሱን አይጨምርም፣ አይሰጥምም።

አደጋም አለው። ዋናው መመርቀዝ ነው። በመጀመሪያ ተከላ ከ100 ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው መውጣት አለበት። በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተለበጡ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ መምጣታቸው አደጋውን ቀንሶታል። የስኳር ሕመምተኛ አስቀድሞ ስኳሩን ማስተካከል፣ ማንኛውም ሰው የቆዳ ቁስልና የሽንት ሕመም ካለው አስቀድሞ መታከም ይኖርበታል። መሣሪያው ማሽን እንደመሆኑ ያረጃል፤ ከአሥር ዓመት በኋላም አብዛኞቹ የሚሠሩ ቢሆንም ቱቦው ሊያፈስ፣ ፓምፑም ሊበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ሌላውንም ወገን መናገር ተገቢ ነው። በብዙ ጥናቶች መሣሪያውን ካስተከሉ አሥር ሰዎች ስምንቱና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ረክተዋል። የሚያዝኑት በአብዛኛው ከመሣሪያው ሊሰጥ የማይችለውን የጠበቁት ናቸው።

ከመወሰን በፊት

በአገራችን ልማድ ይህ ነገር ከባልና ሚስት መኝታ ቤት እንኳ ተሸሽጎ ይኖራል። ባል ዝም ይላል፣ ሚስትም “ጠላኝ” ብላ ዝም ትላለች። ጎረቤቴም ለሁለት ዓመት ያህል ለባለቤታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። በመጨረሻ ሲነግሯቸው እትዬ “እኔስ ሌላ ሴት መስሎኝ ነበር” አሉ። ባለቤታቸው የሚፈልጉት መሣሪያ ይሁን ወይስ የተቋረጠው ጨዋታና ቅርበት፣ ይህን ከእርሳቸው በቀር ማንም ሊነግራቸው አይችልም። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲኬድ ሁለቱም ቢሄዱ መልካም ነው።

ለሐኪሙ ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎችም እነዚህ ናቸው። ካንሰሩ ጸጥ ብሏል ወይ? ነርቮቼ ተርፈዋል፣ የማገገሚያው ጊዜስ አልፏል? ከመሣሪያው በፊት ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ ሞክሬአለሁ? በዳሌዬ ውስጥ ከቀድሞው ቀዶ ሕክምና የቀረ ጠባሳ ስላለ የውሃው ከረጢት የት ይቀመጣል? ሐኪሙ ከዚህ በፊት ስንት ተክሏል? ቢበላሽስ የሚጠግነው ማን ነው፣ የትስ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ልጆቻቸው አገር ሄደው ለሚታከሙ ወገኖቻችን በተለይ ከባድ ነው። መሣሪያው ራሱ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ ነው፤ ባለቤቱ ግን ከ40 ኪሎ ሜትር ርቀት አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ዓይነቱን የሚያውቅ ሐኪም መፈለግ ሊኖርበት ነው። የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ይዞ መመለስና ሳይጥሉ ማስቀመጥ ይገባል። በኋላም በማንኛውም ሕመም ሆስፒታል ቢተኙ የሽንት ቱቦ ከመግባቱ ወይም የኤም.አር.አይ. ምርመራ ከመደረጉ በፊት መሣሪያ እንዳለ መናገር ግድ ነው።

አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። በዚህ ጉዳይ የሚደበቁት በሽታዎች ሁለት ናቸው። ስንፈተ ወሲብን የደበቀ ሰው ትዳሩን ያቀዘቅዛል፤ ስንፈተ ወሲብን ፈርቶ ካንሰሩን የደበቀ ግን ሕይወቱን ያጣል። ለመጀመሪያው ከክኒን እስከ ፓስካል ሕግ ድረስ ብዙ መፍትሔ ተገኝቷል። ለሁለተኛው ያለው መፍትሔ በጊዜ መታየት ነው። ሽንቱ የተቸገረ፣ ወይም አባቱና ወንድሙ በዚህ ሕመም የተያዙበት ወንድ ሁሉ ዕድሜው ሃምሳን ሳይሻገር ለሐኪም ቢናገር፣ መሣሪያው ይተከል ወይስ ይቅር ብሎ የመምከር ዕድል ይኖረዋል። ይህ ምክክር በሕይወት ላለ ሰው ብቻ የተሰጠ ነው።