ውስጥ እግር ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ

የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሽቅብ አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር አንድ አሥረኛ ያህል ይበረታል። እንግዲያው እዚያው አካባቢ፣ ጎዛምን ወይም አነደድ ላይ፣ ሞፈር ጨብጦ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ የሚውል ገበሬ የቆዳ ነቀርሳ ቢይዘው ግንባሩ ወይም ማጅራቱ ላይ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። የቆየው የሕክምና ትምህርትም ሜላኖማ የነጭ ሰውና የፀሐይ በሽታ ነው ይል ነበር። ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሴሎች የሚነሳ፣ ከቆዳ ነቀርሳዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ጥቁር ሰውን ግን ቀለሙ ይጋርደዋል ተባለ።

ይህ ሐሳብ ዛሬም ከአእምሯችን አልወጣም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሄማን በቀለ በ2023፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ የቆዳ ካንሰርን በሳሙና የማከም ሐሳብ አቅርቦ በስሪ ኤም (3M) ኩባንያ የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ሲወጣ፣ ያነሳሳው በኢትዮጵያ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ያያቸው ሰዎች ትዝታ መሆኑን ተናግሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የልጁ ሥራ ያኮራል፤ ሳሙናው ግን ገና በምርምር ላይ ነው። ደግሞም እኛን የሚይዘው ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይን ተከትሎ የሚመጣ አይደለም።

ይህን ካስተዋሉት መካከል በኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ሌዊስ አንዱ ነው። በ1967 ባሳተመው ጥናት የኡጋንዳውያን ሜላኖማ የሚበዛው ፊት ወይም ክንድ ላይ ሳይሆን ውስጥ እግር ላይ መሆኑን ተከታትሎ፣ እዚያው ቦታ በጤነኛ ሰዎች ላይ ከሚታየው ጥቁር ነጥብ ጋር ያለውን ዝምድና መረመረ። ፀሐይ ፈጽሞ የማታየው ቦታ ነው።

መጀመሪያ የተሰጠው ምክንያት ባዶ እግር ነበር፤ እሾኹ፣ ጠጠሩ፣ እንቅፋቱ። አሳማኝ ይመስላል። ዳሩ ግን ጫማ ለምዶ በኖረው የጃፓን ሕዝብም ዘንድ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እጅና እግር ላይ ነው። ምክንያቱ እዚህ ላይ አነከሰ። በ1976 ሪቻርድ ሪድ የተባለው አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣውን ሜላኖማ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ ለየውና አክራል ሌንቲጂነስ አለው።

በቀጣዩ ዓመት በሽታው ዓለም የሚያውቀውን ሰው ያዘ። ሙዚቀኛው ቦብ ማርሊ በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የወጣው ቁስል የኳስ ጉዳት መስሎት ነበር። ምርመራው ግን ሜላኖማ አለ። ጣቱ ይቆረጥ ቢባል በራስ ተፈሪያን እምነቱ ምክንያት እንቢ አለ፤ ጥፍሩና ሥጋው ተነሥቶ በሌላ ቆዳ ተሸፈነለት። በ1978 ኢትዮጵያን ጎበኘ። በኅዳር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ግንቦት 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ላይ ሲሞት ነቀርሳው አንጎሉ ደርሶ ነበር። ጣቱ ቢቆረጥ ይድን ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ጥፍር ሥር ያለ ቁስል የኳስ ጉዳት መስሎ ሰውን ማዘናጋቱ ግን ዛሬም አልቀረም።

የፀሐይ ነገር የለየለት በ2005 ነው። ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የወጡ ሜላኖማዎችን ዘረመል ሲያነጻጽሩ የውስጥ እግሩ ከጀርባውና ከፊቱ የተለየ ሆነ፤ በፀሐይ የተጎዳ ቆዳ ላይ ከሚወጣው ጋር አንድ መንገድ አልተከተለም። በ2016 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የውስጥ እግር ሜላኖማዎችን በእግር ሥዕል ላይ ሲያሰፍሩ አብዛኞቹ የሰውነት ክብደት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ሆኑ፤ ተረከዝና ከጣቶች ሥር ያለው ወፍራም ክፍል። እንግዲህ ጥርጣሬው ከእሾህ ወደ ጫናው ዞሯል። ጫማ ሜላኖማን ይከላከላል የሚል ማስረጃ ግን የለም፤ የተጫማም ይመርመር።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የመለየቱ ጥበብ ነው። ውስጥ እግራችን እንደ ታረሰ ማሳ ትልምና ከፍታ አለው። ቶሺያኪ ሳይዳና ባልደረቦቹ ቆዳን አጉልቶ በሚያሳየው ደርማቶስኮፕ ሲያዩ፣ ክፉ ያልሆነ ነጥብ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ትልሙ ውስጥ ሲገኝ፣ የሜላኖማ ቀለም ግን ከፍታው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ከእጅ የማይበልጥ መሣሪያ ነው፤ የሚፈልገው የሠለጠነ ዓይን ነው። ጥፍርን በተመለከተ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆናታን ሃቺንሰን ገና በ1886 የተናገረው አሁንም ይሠራል፤ ጥቁሩ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ወዳለው ቆዳ ከፈሰሰ ያሳስባል። ብዙ ጥፍሮች ላይ ያሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች በእኛ ቆዳ የተለመዱ ናቸውና አያስደነግጡ። አንዱ ብቻ እየሰፋ ሲሄድ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው።

ሕክምናው የሚወሰነው በሚሊሜትር ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ በ1970 እንዳሳየው ዋናው ነገር ነጥቡ ምን ያህል መስፋቱ ሳይሆን ወደ ውስጥ ምን ያህል መዝለቁ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ያልበለጠ ከሆነ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ አብዛኛው ታማሚም ይድናል። ከሁለት ሚሊሜትር ካለፈ ሁለት ሳንቲሜትር ይጨመራል፤ ከአንድ ሚሊሜትር ካለፈ ጀምሮ ደግሞ ብሽሽት ላይ ያለው ንፍፊት ይመረመራል። ከተሰራጨ በኋላ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ለዚህ መንገድ የጠረጉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል። መድኃኒቶቹ ውድ ናቸው፤ የውስጥ እግሩ ሜላኖማም ከሌላው ይልቅ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ለጎጃም ገበሬ መድኃኒቱ ቢላዋው በጊዜ መድረሱ ነው።

ጎጃም እግርን ማየት አዲስ አይሆንበትም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሲሠራ፣ በደጋው የሚታየው የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የምንለው፣ ከትንኝ ሳይሆን ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዕድሜያቸው 15 ከሞላና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከመቶ 3.3 ያህሉ እንደታመሙ አሳየ። በ2018 የወጣው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ ደግሞ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ካልሲና ጫማ ማድረግ የሚያተኩሰውን የእብጠት ሕመም እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ሁለቱ በሽታዎች አይገናኙም። እግር የማጠብ ልማድ ግን ለሁለቱም ይጠቅማል፤ እግር ማጠብ የሚያስተምር የጤና ባለሙያ ተረከዙን ገልበጥ አድርጎ ቢያይ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ እግርዎን ሲታጠቡ ውስጥ እግርዎን ገልብጠው ይዩ፣ የጣቶችዎን መሐልና ጥፍሮችዎንም። እናት አባትዎ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው እርስዎ ይዩላቸው። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ ማርያም የሳመችው የምንለው ምልክት ካልተለወጠ አያስጨንቅ። በጉልምስና የወጣ፣ ከሰባት ሚሊሜትር የሰፋ፣ ቀለሙ ወይም ዳርቻው የሚለዋወጥ፣ ወይም ጥቁር ባይሆንም አልድን ያለ ቁስል ካገኙ በምላጭ አያስነኩት፣ በእሳት አያስተኩሱት፣ ኪንታሮት ነው ብለውም አይተዉት። ሆስፒታል ሄደው ያሳዩ፤ ከተነሣም የተነሣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ እንዲላክ ይጠይቁ።