ከዶክትሬት በኋላስ?

በጀጎል ጠባብ መንገዶች ከዘራ ተደግፈው ሽቅብ የሚወጡ አዛውንት ባየሁ ቁጥር፣ እኔም ሃምሳዎቹን ያጋመስኩ ነኝና፣ «እርጅና ምንድን ነው?» እላለሁ።

የሕግ ሰው ብሆንም ሳይንሱን ጠይቄያለሁ። ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ 50 ጊዜ ያህል ተከፋፍሎ እንደሚያቆም አሳየ። አንዱ ምክንያት ቴሎሜር የተባለው የክሮሞዞም ጫፍ በየክፍፍሉ ማጠሩ ነው። መከፋፈል ያቆሙ ሕዋሳት በሰውነት ሲከማቹ ብግነት ይቀሰቅሳሉ፤ ይህም ለስኳርና ለልብ ሕመም በር ከሚከፍቱት አንዱ ነው።

ይህን ለመመርመር ዶክትሬት ብቻውን አይበቃም። ዲግሪውን የያዘ ምሁር በአንጋፋ ተመራማሪ ሥር ጥቂት ዓመታት የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚሠራበት ድኅረ ዶክትሬት ሥልጠና ያሻል።

ሐረር ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2007 በቀርሳ፣ በ2012 በሐረር ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መከታተል ጀምሯል። ማን በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደሞተ የሚያሳይ መዝገብ ለእርጅና ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ60 ዓመታቸው ጡረታ የምናወጣቸውን ሰዎች ቀሪ ዕድሜ የሚያጠና ምሁር ማሠልጠንም፣ በእኔ እምነት፣ ከዚሁ ግዴታ ይቆጠራል።