«ካታኮምብ»፦ የአንድ የበርሊን ምድር ቤት ካባሬ ታሪክና ኅብረ ቃሉ

ካባሬ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው የምሽት ክበብ፣ መጠጥና ጭፈራ ነው። እኔም ለረዥም ጊዜ የማስበው እንዲያ ነበር። በአውሮፓ የቴያትር ታሪክ ውስጥ ግን ቃሉ ተመልካች በጠባብ ክፍል ጠረጴዛ ከብቦ የሚያየውን፣ አጫጭር ጭውውት፣ ዘፈን፣ ግጥምና ስላቅ የተቀላቀሉበትን ትንሽ መድረክም ያመለክታል። ሮዶልፍ ሳሊ እ.ኤ.አ. በ1881 «ጥቁር ድመት» የተባለውን ቤት ፓሪስ ውስጥ ከከፈተ በኋላ ዓይነቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ በርሊን ላይ በ1901 ኤርንስት ፎን ቮልጾገን የራሱን መድረክ ከፈተ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ከሁለቱም ዘግይቶ የመጣውን፣ ዕድሜውም ስድስት ዓመት ያልሞላውን «ካታኮምብ»ን ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያስተምር ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ይህ ቤት ይቀርበዋል።

«ካታኮምብ» የተከፈተው ኦክቶበር 16 ቀን 1929 በርሊን፣ ቤልቪው ጎዳና፣ በአንድ የሠዓልያን ማኅበር ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስሙም የተወሰደው የጥንት ክርስቲያኖች ሙታናቸውን ከቀበሩባቸው የሮም ዋሻዎች ነው፤ ለምድር ቤት መቼም ይስማማዋል። መሥራቾቹ ቬርነር ፊንክ፣ ሐንስ ዴፔና ሮበርት አዶልፍ ሽቴምለ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ የሙዚቃ ደራሲው ሐንስ አይስለርና ዘፋኙ ኤርንስት ቡሽም አብረዋቸው ሠርተዋል። ነገር ግን የመድረኩ ፖለቲካ ይበልጥ እንዲሰላ የፈለጉት ብዙ ሳይቆዩ ተለዩ። ፊንክ ቀረ። እርሱ የፓርቲ ሰው አልነበረም፤ የሚወደው ቃልን ማገላበጥ ነበር።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ይህ የቃል ጨዋታ ሌላ ክብደት አገኘ። ፊንክ የመድረኩ አስተዋዋቂ ነው። ዐረፍተ ነገር ይጀምራል፤ ይንተባተባል፤ መካከል ላይ ያቆመዋል። የቀረውን ተመልካቹ በልቡ ይጨርሰዋል፤ ሳቁም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ጽሑፉን ለመርማሪ አስነብቦ የሚያውቅ የእኛ አገር ጸሐፊ ይህን ዘዴ ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ሰላዮች ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ፊንክ አንዱን ሲጽፍ አይቶ፣ ንግግሬ ፈጥኖብዎት ይሆን፣ ይከተሉኛል ወይስ እኔ ልከተልዎ ሲል እንደጠየቀው ይነገራል። እዚህ ላይ አማርኛችን ቸር ነው፤ «መከተል» ነገርን መረዳትም፣ ከያዘ ሰው ኋላ መሄድም ስለሆነ ኅብሩ ሳይጎድል ይሻገራል።

የማይሻገረው ሌላው ነው። በ1935 ፊንክ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ሆኖ የተጫወተበት አጭር ጭውውት አለ። ልብስ ሰፊው ልክ ሲወስድ ደንበኛው ቀኝ ክንዱን እንዲያነሣ ይጠይቀዋል። በተጨበጠ እጅ ሲለካው 18/19 ይላል፤ በተዘረጋ እጅ ሲለካው 33 ይላል። ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ የልክ ቁጥር ነው። ወርቁ ግን የጨበጣው ዘመን 1918ና 1919 አብዮት፣ የተዘረጋው እጅ ደግሞ 1933 መሆኑ ነው። ደንበኛው ክንዱን አላወርድ ሲል ሰፊው ምን ማለትህ ነው ይለዋል። የደንበኛው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ በጀርመንኛ ያችው ሐረግ «ከፍ ያለ ቀኝ እጅ» ማለትም፣ «የተሻሩ መብቶች» ማለትም ትሆናለች። ሰላምታውም ሰላምታው ያስከፈለውም በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ።

ሜይ 10 ቀን 1935 ጎብልስ «ካታኮምብ»ንና «ቲንግል ታንግል» የተባለውን ሌላ ካባሬ በአንድ ቀን አዘጋቸው። ፊንክና ጥቂት የሙያ ጓደኞቹ ታሰሩ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ኤስተርቬገን ማጎሪያ ተላኩ። ተዋናይዋ ኬተ ዶርሽ ጎሪንግን ስለ ማለደችላቸው ጁላይ 1 ቀን ተለቀቁ። ፊንክ በኋላ እንዳወሳው፣ በማጎሪያው ውስጥም መድረክ አቁሞ ነበር፤ ውጭ ሳለን እዚህ እንዳንመጣ እንፈራ ነበር፣ አሁን ግን ፍርሃቱ ቀርቶልናል በሚል ፈሊጥ እስረኞቹን አሳቃቸው። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው ማስረጃ አልበቃም ተብለው በነጻ ተለቀቁ፤ ፊንክ ግን ለአንድ ዓመት ከመድረክ ታግዶ ነበር። እኔ የማስረጃውን ማነስ የማነበው እንደ ሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ሰላይ ሊጽፍ የሚችለው ሰሙን ብቻ ነው፣ ወርቁን ከጻፈው ደግሞ ተናጋሪው ራሱ ሰላዩ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጀግንነት ነበር ወይ? እንዲህ ያለው ሳቅ የሕዝብን እልህ አብርዶ ወደ ቤቱ ይሰዳል የሚል ክርክር አለ፤ ከባድ ክርክርም ነው። ከሁለት ዓመት በላይ መድረኩ በዚያ አገዛዝ ሥር ሲሠራ አገዛዙ አልተነቃነቀም። ቢሆንም ወደዚያ ምድር ቤት እነማን ይመጡ እንደነበር ማየት ይገባል። ኢዛ ፌርሜሬን በ1933 የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ለባንዲራው ሰላምታ አልሰጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባረረች፤ በርሊን መጥታም በ«ካታኮምብ» መድረክ አኮርዲዮን እየተጫወተች ዘፈነች። በ1944 ወንድሟ ወደ እንግሊዞች በመኮብለሉ እርሷም ታስራ በራቨንስብሩክ፣ በቡኸንቫልድና በዳኻው አለፈች፤ ከጦርነቱ በኋላም መነኮሰች። ፊንክ በ1939 ከኪነ ጥበብ ሰዎች መዝገብ ሲሰረዝ፣ ሁለተኛ እስር እንዳይደርስበት ወዶ ዘማች ሆነ። ሰላም ሲሆን ወደ መድረክ ተመልሶ በ1978 ሙኒክ ላይ ሞተ። ይህን የመሰለ ሕይወት «አርበኛ» ወይም «አድር ባይ» በሚል አንድ ቃል መዝጋት አልችልም።

ያችን ባለ ሁለት ቃል መልስ ከተማሪዎቼ ጋር ወደ አማርኛ ለመመለስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ደክመናል። «ቀኝ» እና «መብት» በእኛ ቋንቋ ዝምድና የላቸውም። አንዲት ተማሪ ግን እጅም ይነሣል፣ መብትም ይነሣል ብላ «ተነሣ» የሚለውን ግሥ አመጣች። ግማሹ ወርቅ ተገኘ። ለቀሪው ግማሽ አንዱ ተማሪ ተነሥቶ ቀኝ ክንዱን ዘረጋና ምንም ሳይናገር ቆመ፤ ክፍሉም ሳቀ።