በክንድ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያና ስለ ማኅፀን ገበር

መከላከያ በክንዳቸው ካስቀበሩት እመቤቶች አንዳንዶቹ ያለ ጊዜው ደም ሲታያቸው ማኅፀናችን ተጎዳ ብለው እጅግ ይሠጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ልማደ አንስታቸው ፈጽሞ ሲቀር ደሙ በሆዳችን ተጠራቅሞ በሽታ ይሆንብናል ይላሉ። የሁለቱም ሥጋት ምንጩ አንድ ስለ ሆነ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

የማኅፀን ውስጠኛው ገበር በየወሩ የሚታደስ ነው። አስቀድሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያወፍረዋል፤ ዕንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ፅንስ የሚቀበል አድርጎ ያሰናዳዋል። ፅንስ ያልመጣ እንደ ሆነ የሁለቱም ኃይል ይወድቅና ገበሩ ተልጦ ከደም ጋራ ይወርዳል። ልማደ አንስት የሚባለው ይኸው ነው።

ኢምፕላኖን የተባለው መከላከያ ክብሪት እንጨት የሚያህል አንድ ዘንግ ሲሆን፥ ፕሮጄስትሮንን የሚመስል 68 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለበት። የዚህ ብልሃት ቀዳሚ የነበረው ባለ 6 ዘንጉ ኖርፕላንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በፊንላንድ ተፈቀደ፤ በአገራችንም በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን በየቀበሌው ማስገባት ጀመሩ።

መድኃኒቱ ዕንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፤ የማኅፀን አፍንም ፈሳሽ ያወፍራል። ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ስለሚገባም ገበሩ እንደ ወትሮው አይወፍርም፤ ይሳሳል። የሳሳ ገበር የሚልጠው የለውምና የብዙዎች ልማደ አንስት ይቀንሳል ወይም ይቀራል። እንግዲህ ተጠራቀመ የሚባለው ደም ከየት ይመጣል?

ያለ ጊዜው የሚታየው ደም ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ሊቃውንት ገበሩን በመሣሪያ ሲመረምሩ በላዩ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሰፍተው ግድግዳቸውም ሳስቶ አግኝተዋቸዋል፤ በቀላሉ ይሰነጠቃሉና ደሙ ጠብ ጠብ ይላል። በ11 ጥናቶች ድምር፥ ጊዜው በ90 በ90 ቀን ተከፍሎ ሲቈጠር፥ በመቶው 22 ደም ያልታየበት፥ 34 አልፎ አልፎ የታየበት፥ 18 ደግሞ ብዙ ቀን የቈየበት ሆኗል።

ይህ በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም። ደም የሚታያት ክርስቲያን ከቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሙስሊሟም ስለ ሶላቷ ትጨነቃለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከውጭ ቆማ የምታስቀድስ እመቤት ዘንጉን ላስወጣ ብትል እንደ ስንፍና ሊቈጠርባት አይገባም። ጥፋቱ፥ እንደ እኛ አሳብ፥ ከማስቀበሯ በፊት ያልነገራት ሰው ነው። ባልም ይህን ቢያውቅ ከብዙ ጥርጥርና ጠብ ይድናል።

ደሙ የበዛ እንደ ሆነ ሐኪም አይቡፕሮፌንን የመሰለ መድኃኒት፥ ወይም ለሚስማማት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ለጥቂት ጊዜ ያዝዛል፤ መድኃኒቱ ሲቀር ደሙ ሊመለስ ይችላል። ከሩካቤ በኋላ የሚመጣ፥ ወይም ትኩሳትና የሆድ ሕመም ያለበት ደም ግን በዘንጉ ሳይመካኝ ይመርመር።

ዘንጉ ሲወጣ መድኃኒቱ በአንድ ሳምንት ያህል ከደም ይጠፋል። ዕንቁላልም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ገበሩም እንደ ቀድሞው ይወፍራል። ስለዚህ ገና ልጅ የማትሻ ሴት ዘንጉ በወጣበት ቀን ሌላ መከላከያ መጀመር ይገባታል።